የማኜ ጫጩቶችና የእኔ ዶክተርነት

በባፉሳም ገበያ የዶሮ መድኃኒት እሸጣለሁ። ሰው ሁሉ «ዶክተር ኑቢሲ» ይለኛል፤ እኔም አንድ ቀን «ተሳስታችኋል» ብዬ አላውቅም። ትምህርቴ የካርቶን ጀርባ ነው። ማንበብ ለማይችሉ ደንበኞቼ ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ከራሴም ጨመር አደርጋለሁ።

አማቴ ማኜ ጁይካም ለባላቸው ተዝካር ሁለት መቶ ጫጩት ያሳድጉ ነበር። ሽማግሌው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ሟች በወጉ ካልተደገሰለት የቤቱ ሰው ቀና ብሎ አይሄድም። የጎረቤት ጫጩቶች ደም መቅዘን ሲጀምሩ አስጠሩኝ።

«የኔዎቹ ደህና ናቸው፤ ብቻ ፈራሁ» አሉኝ።

«እኔ እያለሁ? ይኸውልዎት ማኜ፣ ተባዩ አንጀት ውስጥ ነው፣ በዓይን አይታይም። ይህ መድኃኒት ጨው ተሸክሞ በቆዳው አሾልኮ ያስገባበታል። ተባዩ ሲያስወጣ፣ መድኃኒቱ ሲያስገባ፣ ጉልበቱ ያልቃል። ጨው ደግሞ ውሃ ይጠራል። ያብጥ ያብጥና ጧ!»

«ጫጩቱስ አያብጥም?»

«ልኩን ላወቀበት ምን ሆኖ!»

ልኩን አዋቂው እኔ ነኛ! ካርቶኑ ጥቂት ተባይ ቢተርፍ የጫጩቱ ሰውነት መከላከል ይማርበታል ይላል። እኔ ግን ለአማቴ ጠላት አላስተርፍም ብዬ እጥፉን ጨመርኩና መኖውን በአካፋ አገላበጥኩት።

በሦስተኛው ቀን ጫጩቶቹን እግራቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው በደረታቸው ተኝተው አገኘኋቸው። ማኜ ባዶውን የመኖ ጆንያ አምጥተው «እስቲ አንብብልኝ» አሉ። አነበብኩ። ፋብሪካው ያንኑ መድኃኒት በልኩ ቀድሞ ጨምሮበት ኖሯል። ከእኔ እጥፍ ጋር ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ጨው የገባው በጫጩቶቹ ጡንቻና ልብ ነው።

«ፋብሪካው እኮ አልነገረኝም...» ብዬ ጀመርኩ።

«ይሄ ጽሑፍ ምንድን ነው ታዲያ? ለገበያው ሁሉ ስታነብ የምትውል ሰውዬ፣ ለኔ ሲሆን ዓይንህ ታመመ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። ከሁለት መቶው አሥራ ሰባት ተረፉ።

የተዝካሩ ቀን እንግዳው የተቀቀለ ሙዝ በዘይት እየበላ «ዶሮው የታል?» ሲባባል፣ ማኜ ክንዴን ይዘው በወጋችን ሟችን ወደምናነጋግርበት፣ የባላቸው ራስ ቅል ወደተቀመጠበት ጎጆ አስገቡኝ።

«ለምን ሥጋ እንደጠፋ እኔ አልነግረውም። አንተው ንገረው፤ ዶክተር አይደለህ?»

ተንበረከክሁ። ስለ ጨው፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ተባዩ ድካም ላስረዳ አፌን ከፈትኩ፤ አፈርኩም።

«አባቴ፣ ሳላነብ ነው የጨመርኩት። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

ማኜ ከኋላዬ ቆመው ነበር። «ይችን ቃል ለኔ ብትላት ኖሮ» አሉ፣ «እዚህ ድረስ ባላመጣሁህ ነበር።»