መንደሩ ያለበት ወረዳ

እንጀራዬ ሩሲያኛ ነው። በደርግ ጊዜ ኪርጊዝስታን ተልኬ እርሻ ተማርኩ፤ ዛሬ ዙሪክ ውስጥ ጥገኝነት ለሚጠይቁ ሰዎች አስተረጉማለሁ። የአስተርጓሚ ደንብ አጭር ነው፦ የተባለውን ብቻ በል።

እኔ ራሴ እዚህ የቀረሁት ይህን ደንብ የጣሰችልኝ ሴት ስለነበረች ነው። ጥገኝነት ስጠይቅ የትውልድ ቦታዬን በአውራጃው ጠራሁ። የጠያቂው ዝርዝር ላይ ያለው ግን ዞን ነው። «አገርህን አታውቅም» ሊለኝ ሲል አስተርጓሚዬ ጣልቃ ገብታ «አውራጃ የድሮው ነው፤ መንግሥት ሲለወጥ ተቀየረ» አለችው። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

በቅርቡ ያስተረጎምኩለት ጥገኝነት ጠያቂ ኪርጊዛዊ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። አገሩ መማሬን ስነግረው ፊቱ በርቶ «ባይኬ» አለኝ፤ ጋሼ እንደ ማለት ነው። የመንደር አስተዳደር ጸሐፊ ነበር፤ እኛ የቀበሌ ጸሐፊ የምንለው። ሊቀመንበሩ የገበሬ መሬት ለዘመዶቹ ሲያድል ሰነዱን አውጥቶ ለጋዜጠኛ ሰጠ፤ ሊገድሉት ሲፈልጉት ሸሸ። መንደርህ በየትኛው ወረዳ ነው ሲባል ሳያመነታ መለሰ።

በእረፍት ሰዓት ጠያቂዋ ካርታዋን እያየች «እርስዎ አገሩን ያውቁታል። እውነት እዚያ ወረዳ ነው?» አለችኝ። አፌን መዝጋት ነበረብኝ።

«አይደለም፤ ከጎኑ ያለው ነው። ተማሪ ሆኜ ድንች የለቀምኩበት መንደር እኮ ነው» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔ ነኝ። ያልኩትን ጻፈችው።

ከወር በኋላ ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር የምትኖር ኪርጊዛዊት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ምሳ ጋበዘችኝ። ጉራዬን ልነዛ ታሪኩን አወራኋት። ሹካዋን አስቀመጠች።

«አምና መንደሮቹን ሲያዋህዱ ያ መንደር ወደ ሌላው ወረዳ ዞሯል። የእናቴ ቤት እዚያ ነው። ሰውየው ልክ ነው። ዛሬውኑ ጻፍላቸው።»

በባቡር ስመለስ ደብዳቤውን በሐሳቤ ጽፌ ጨርሼው ነበር። ዙሪክ ዳር ሽሊረን ያለው ቤቴ ስገባ ግን ደንብ የጣሰ አስተርጓሚ ማን ይጠራዋል ብዬ ፈራሁ። አልጻፍኩም።

በሳምንቱ የሰውየው ጠበቃ ለማስተርጎም ጠራችኝ። ጥያቄው ውድቅ ተደርጎበታል፤ የራሱን ወረዳ የማያውቅ ጸሐፊ አይታመንም ተብሏል። ለይግባኝ የቀረው ሦስት ቀን ነው።

«ወረዳውን ለምን ተሳሳተ? ምክንያት ካለው ይግባኝ እላለሁ» አለች። ተረጎምኩለት።

«አልተሳሳትኩም። አምና ነው የተዛወርነው፤ የማዛወሪያውን ደብዳቤ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባይኬ፣ ይንገሯት እንጂ፤ እርስዎ አገሩን ያውቁታል።»

«ምን አለ?» አለችኝ ጠበቃዋ።

እውነቱን ብነግራት፣ የተሳሳተውን ወረዳ ማን አስጻፈ ተብሎ መጠየቁ አይቀርም።

«ተደናግጬ ተሳስቼ ይሆናል ነው የሚለው» አልኳት።

«ይህ ለይግባኝ አይበቃም» ብላ ፋይሉን ዘጋችው። እሱ እውነቱን የነገርኳት መስሎት እጄን በሁለት እጆቹ ይዞ አመሰገነኝ። እኔም ምንም አይደል አልኩት።