ናስርን ጡት ያስጣልን ጊዜ

ልጅ እያለሁ፣ የበርበሬ ወቅት ሲደርስ ቡታጅራ ሰፈራችን በሙሉ ያስነጥስ ነበር። በየግቢው ኬሻ ተዘርግቶ በርበሬ ይሰጣል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወትበት ቦታ ሁሉ ቀልቶ ይጠብቀናል። እናቴ ሙኒራ ከመስቃን ገበሬዎች በርበሬ እየገዛች ገበያ ላይ ትቸረችር ስለነበር ልብሷም ፀጉሯም እሱን እሱን ይሸት ነበር። እኔ አሥር ዓመት የሞላኝ ዓመት ግን አልገዛችም። ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ እየተሰናዳች ነበር።

አባቴ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ጠዋት በረንዳ ላይ አውጥተን እናስቀምጠዋለን፣ ሲመሽ እናስገባዋለን። የጉዞው ነገር ሲነሳ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ የሚያልፉትን ጋሪዎች ያያል። ሂጂም አላላትም፣ ቅሪም አላላትም።

ሻንጣው ብዙ አላስቸገረም። ሁለት ቀሚስ፣ ሹራብ፣ የመስገጃ ልብስ፣ ትንሽ በሶ፣ በቃ። አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ ዓረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት ነበረች። እሷ ናት ሥራውን ያስተማረቻት። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ስላልነበረን ባዶ ካርቶን ላይ በከሰል ቁልፎቹን ሥላ፣ እናቴን ፊት ለፊቱ አስቀምጣ «ይሄ ሲበራ እንዳትከፍቺው» ትላታለች። እናቴ የካርቶኑን ቁልፍ ስትጫን እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ፣ እሷም አብራኝ ትስቃለች። እቤታችን ውስጥ እንደዚያ የሳቅንበት ጊዜ ያ የመጨረሻው ይመስለኛል።

አንድ ቀን እትዬ ከድጃ ካርቶኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና፣ «ሙኒራ፣ ይሄን ሁሉ ብታውቂው ዋጋ የለውም» አለቻት። «ደላላው ልጅ የላትም ብሎ ነው ያስመዘገበሽ። አዲስ አበባ ምርመራ አለ። ጡትሽ ወተት እንዳለው ካዩ ይመልሱሻል። መጀመሪያ ልጁን አስጥይው።»

ልጁ ናስር ነው፣ ወንድሜ። ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ግድግዳ ይዞ ይቆማል፣ ይወድቃል፣ በዳዴ ወደ እሷ ይሮጣል።

እናቴ ጡቷን እሬት ቀባች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ናስር እንደለመደው ደረቷ ላይ ተለጠፈ፣ ቀመሰው፣ ፊቱ ተጨማደደ፣ ጮኸ። ዓይን ዓይኗን አያት። ከዚያ በመዳፉ ጠረግ አደረገውና ተመልሶ ጠባ። እያለቀሰ፣ እያቅለሸለሸው ጠባ። እናቴ ልትነጥቀው አልቻለችም። «ያ ረቢ፣ እንዴት ልሁን» እያለች ጭንቅላቱን ስትዳብስ አየኋት። በማግስቱ እሬቱን አብዝታ ቀባችው። ያንንም ቻለው።

በዚህ ጊዜ ነው እትዬ ከድጃ እናቴን ወደ ራሷ ቤት የወሰደቻት። ልጁ ካላያት ይረሳል ተባለ። ናስር ከኔ ጋር መተኛት ጀመረ። እናቴ ከአጥሩ ማዶ ነበረች፤ ስታስል ይሰማኛል፣ ስትሰግድ ድምጿ ይሰማኛል። ደረቷን በነጠላ ቁራጭ አጥብቃ አስራ እንደምትውል እትዬ ከድጃ ለአባቴ ስትነግረው ሰምቻለሁ። ናስር ሲያለቅስ ከማዶ ያለው ድምፅ ሁሉ ጸጥ ይላል።

ምግብ መሥራትም የተማርኩት በአጥሩ በኩል ነው።

«ውሃው ፈላ?» ትለኛለች ከማዶ።

«ፈልቷል።»

«የአጥሚቱን ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ ጨምሪው። እጅሽ እንዳያርፍ አማስይ፣ ይጓጉልብሻል። ስኳሩን አታብዢ። ለአባትሽ ቆጮውን ስትቆርጪ ደግሞ ቢላዋውን ወደ ራስሽ እንዳታዞሪ።»

«እማ፣ ልምጣ?»

«አትምጪ ፈቲ። አንቺም እሱን እሱን ነው የምትሸቺው። ሲሸተኝ ወተቱ ይመጣብኛል።»

እኔ ይሄ አልገባኝም። የናስርን ክልከላ ተረድቼዋለሁ፤ የኔን ግን እንደ ቅጣት ቆጠርኩት። አንድ ከሰዓት ናስርን አባቴ እግር ስር አስቀምጬ ገላዬን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ለበስኩ፤ እሱን ናስር ነክቶት አያውቅም። ፀጉሬን ቅባት ተቀብቼ ወደ እትዬ ከድጃ ግቢ ሄድኩ። እናቴ ስታየኝ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ አቀፈችኝ፣ ፊቷን አንገቴ ውስጥ ቀበረች። ጥቂት ቆየችና በሁለት እጇ ገፋችኝ። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ሁለት ቦታ ረጥቧል።

«ሂጂልኝ» አለች። «ሂጂልኝ የኔ ልጅ፣ አትምጪብኝ።»

ሮጬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ጓደኞቼ ሱዚ ሲዘሉ ጠሩኝ፤ ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩ።

ናስር ብዙም ሳይቆይ ታመመ። ትኩሳት ያዘው፣ ያስቀምጠዋል፣ የማበላውን ሁሉ ይመልሰዋል። ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሰጡን፣ እሱም አልያዘለትም። ከንፈሩ ደርቆ ዝም ሲል ጊዜ አባቴ በሕይወቱ ጮኾ በማያውቀው ድምፅ ጮኸ፦ «ለእናቱ ስጫት! ጉዞው ይቅር፣ ስጫት!»

አዝዬው ሄድኩ። እናቴ ከጀርባዬ ተቀብላ ደረቷ ላይ ያሰረችውን ነጠላ ፈታች። እትዬ ከድጃ «ሙኒራ፣ ከሰጠሽው ሁሉም እንደገና መጀመሩ ነው» አለቻት። እናቴ ግን ደረቷን ታጥባ፣ ጠርጋ፣ ጡቷን ወደ አፉ አስጠጋችለት።

ናስር ፊቱን አዞረ። እንደገና አስጠጋችለት። አፉን ገጥሞ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጣለና እጁን ወደኔ ዘረጋ። እናቴ ጡቷን ሸፈነችና ለኔ መለሰችልኝ።

«አስጥለነዋል» አለች። «በቃ፣ መሄድ እችላለሁ።»

ናስር በስኳርና በጨው ውሃ ዳነ፤ በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረግሁ ነው ያጠጣሁት። እናቴ ምርመራውን አለፈች። የሄደች ቀን ሚኒባሱ ከቤታችን ራቅ ብሎ ጠበቃት፣ ናስር እንዳያያት። እኔን ግንባሬን ሳመችኝ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ስትመለስ እኔ አስረኛ ክፍል ጨርሼ ነበር፣ አባቴ ሞቶ ነበር፣ ናስር እጇን እንደ እንግዳ ጨብጦ «እንኳን ደህና መጡ» አላት። እማ የሚለው እኔን ነው፤ እስካሁንም እንደዚያው ነው።

ዛሬ ወልቂጤ ከባሌና ከልጆቼ ጋር እኖራለሁ፣ እናቴም ከኔ ጋር ናት። ስለዚያ ጊዜ አውርተን አናውቅም። ዘመኑ ተለውጧል። የሚሄዱት ሥልጠና ይወስዳሉ፣ በእውነተኛ ማሽን ይለማመዳሉ፣ ከደረሱም በኋላ በቪዲዮ ይደውላሉ። ልጅን ትቶ መሄድ ግን እንዳለ ነው።

በቀደም ዓረብ አገር ልትሄድ የተነሳች አንዲት የሰፈራችን ልጅ ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። እናቴ የሄደች ሰው ናት ብለው ምክር ይጠይቋታል። ምን ልብስ ልያዝ፣ ስልክ ቢነጥቁኝ ምን ላድርግ ስትላት እናቴ ቁጥሮቹን በቃልሽ ያዢ፣ የፓስፖርትሽን ኮፒ እዚህ ተይ እያለች መለሰችላት። በመጨረሻ፣

«ልጁን ለማን ትተይዋለሽ?» አለቻት።

«ለታናሽ እህቴ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥር።»

 እኔ ጓዳ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፣ እጄ ቆመ።

«ነገ እሷን ላኪያት» አለች እናቴ።

ታናሽ እህቷ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳነገተች መጣች። አጥሚት እንዴት እንደሚሠራ ልትጠይቅ የመጣች መስሏት ደብተር አውጥታ ልትጽፍ ተሰናዳች። እናቴ ደብተሩን ዘጋችባትና አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«አጥሚቱን ፈቲያ ታሳይሻለች» አለቻት። «አንቺ ግን እህትሽ እስክትሄድ ድረስ ከጎኗ አትለዪ። እቅፏ ውስጥ ተኚ። ሂጂ ብትልሽም እሺ አትበያት።»