«ዝም አለች» ያልኩበት ቀን

አንድ ውሸት የልጄን ድምፅ አስከፍሎኛል። እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም ጭምር። እኛ ሙስሊሞች ተውበት፣ ንስሐ፣ የምናደርገው ለአላህ ነው፤ መሃል ላይ ደላላ የለበትም። የዋሸሁት ግን ሰውንም ነውና ሰውም ይስማው።

መርሳ ላይ ሽንኩርት እነግዳለሁ። ጦርነቱ ወልዲያ ደረሰ ሲባል፣ ሴት ልጅ ያለው ሁሉ መዳር ያዘ። እኔም ለልጄ ለሐያት ኮምቦልቻ ሱቅ ያለው የሐራ ሰው አገኘሁላት። ሐያት ወልዲያ ኮሌጅ ስትማር ስለ ሴቶች መብት ያነበበችውን ሁሉ ይዛብኝ ትመጣ ነበር። ሱቅ ውስጥ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን ነገርኋት።

«ባል ምሽግ ነው እንዴ አባ?» አለችኝ።

«ጀነት ከእናት እግር ሥር ናት። አንቺ ደግሞ እናትነትን እስር ቤት አድርገሽዋል።»

«እናትነትን መች ጠላሁ? ሳልፈቅድ አይሁን ነው ያልኩት። እሱን ደግሞ ከኮሌጅ ብቻ አላመጣሁትም፤ ኒካህ ውል ነው፣ ያለ ሴቲቱ ፈቃድ አይታሰርም ያሉት የመስጊዳችን ሼህ ናቸው። እንግዲህ አባ፣ ይጠይቁኝ። አልፈልግም።»

ጠይቄያት ነበር ማለት ነው። መልሳልኝም ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ ሼሁ ከምስክሮቹ ጋር ቤቴ ተቀምጠው፣ «ሰይድ፣ ልጅቱን ጠየቅሃት?» አሉኝ። በእኛ ዘንድ ያላገባች ልጅ አፍራ ዝም ካለች እንደፈቀደች ይቆጠራል። ለዓይን አፋሯ ታዝኖላት ነው። እኔ ያንን ሰረቅሁ።

«ዝም አለች» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ኒካሁን አሰሩ። ሐያት ጓዳ ሆና ሰምታለች። ወጥታ አላዋረደችኝም።

አንድ ኩንታል ሽንኩርት ስሸጥ ገዢውን ሦስቴ «ተስማማህ?» የምል ሰው፣ የልጄን አንዲት ቃል እንዴት ዋጥሁ? ፈርቼ ነው ልበል? ፈርቼስ ነበር። የዋሸሁት ግን እኔ እንጂ ፍርሃቴ አይደለም። ጦርነቱም ቢሆን ተከትሏት ኮምቦልቻ ገባ፤ ነፍሰ ጡር ሆና በእግሯ ሸሸች።

ሼሁ እውነቱን ሳያውቁ ሞቱ፤ ሐያት አላጋለጠችኝም። ለዒድ ሕፃኗን ይዛ መጣች፤ ሴት ናት። ልቀበላት እጄን ስዘረጋ፣ «ለኒካህ ስትደርስ የእሷን መልስ የምሰማው እኔ ራሴ ነኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለእናቷ ብቻ ትደውላለች።

አንድ ቀን ስልኩን ከሚስቴ ተቀብዬ «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ዝም አለች።

አሁን ዝምታዋን እንደ ፈቃድ አልቆጥረውም። ልጄ አልፈቀደችም። እኔ ዋሽቻለሁ።