ሦስት በር በአንድ ቃል

ከሮቤ እስከ ጎባ እኔ ነክቼው ሳይከፈት የቀረ ኮምፒውተር የለም፤ አንዳንዱማ ኮቴዬን ሲሰማ ብቻውን ይበራ ነበር። ይህን ወሬ የማስወራው እኔው ነበርኩ።

የሮቤው ዩኒቨርሲቲ አዲስ በነበረበት ዘመን፣ አንዲት የአጋርፋ መምህርት ላፕቶፗን ይዛ ሱቄ መጣች። ዲስኩ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ሦስቱም ተቆልፈዋል፤ በተነሳ ቁጥር ሦስት የይለፍ ቃል ይጠይቃታል። አንዱ ክፍል ውስጥ ሼክ ሁሴን ወደሚባለው የሙስሊሞች መሳለሚያ ቦታ ወርዳ ሽማግሌዎችን ያነጋገረችበት ድምፅ አለ። ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል ብላ ቅጂ አልያዘችም። ከሰዓት በኋላ ጥናቷን በዩኒቨርሲቲው መምህራን ፊት ልታቀርብ ነው።

"እዚያ ቆሜ ሦስቴ ከምጽፍ፣ በአንድ ቃል አይከፈትልኝም?"

"እህቴ፣ አንድ ቃል ትጽፊያለሽ፣ ሦስቱም በር ብድግ ብሎ ይቀበልሻል!"

ለሦስቱም አንድ አዲስ ቃል ሰጠኋቸው፤ ሲነሳ አንዴ የተጻፈው ለሁሉም እንዲሞከር አዘዝኩ። የድሮዎቹን ቃሎች፣ ጎበዝ ነኝና፣ ጠራርጌ አጠፋሁ። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁ። ቃሉን ጻፍኩ። እምቢ። ደገምኩ። እምቢ።

"ማል ጎቴ? ምን አደረግከው?" አለች።

ጎረቤቴ፣ ጨርቅ ነጋዴው ሽማግሌ፣ አንገታቸውን አስገቡ። "ገደልከው እንዴ?"

"አይ አባባ፣ እያሰበ ነው።"

"ያስብ እንጂ! አንተ ሳታስብ ገብተህበት።"

እሷ ግን አልሳቀችም። በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ፣ "ካነጋገርኳቸው ሁለቱ ሞተዋል" አለች። "ተመልሼ የምጠይቃቸው እንዳይመስልህ።"

ቀልድ አለቀብኝ። ቃሉን በትልቁም በትንሹም ፊደል ሞከርኩ። ውጭ የጋሪ ፈረስ ሲያሽካካ እንኳ በእኔ የሚስቅ መሰለኝ።

በመጨረሻ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። "ስሰጥህ እኮ ጽሑፌን እያረምኩ ነበር። ኪቦርዱን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሰኸዋል?"

አልመለስኩም። የይለፍ ቃል ሲጻፍ ስለማይታይ፣ ሦስቱንም በር በአማርኛ ፊደል ቆልፌያቸዋለሁ። ማሽኑ ደግሞ ገና ሲነሳ ከእንግሊዝኛ ሌላ አያውቅም።

ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሥርዓት የጫንኩበትን ፍላሽ ሰክቼ በእሱ አስነሳሁ፤ ኪቦርዱን አማርኛ አድርጌ እነዚያኑ ቁልፎች ነካሁ። ተከፈተ። ድምፁን ሳጫውት መጀመሪያ የወጣው የአንድ ሽማግሌ ሳል ነበር፤ መምህርቷ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል ለውጬላት ስትወጣ፣ "ኪቦርዱ አማርኛ ሲሆን የስክሪኑ ጥግ ላይ 'አማ' ይላል እኮ፤ አላየኸውም?" አለችኝ።

አላየሁትም። ስንቱን ኮምፒውተር ያስተማርኩ ሰውዬ፣ እስከ ዛሬ የምጽፈው በአንድ ጣት ነው፤ ዓይኔን ከኪቦርዱ ሳላነሳ።