በጨው ውሃ የተጻፈ ስም

ልጄ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ማኪና በተፈታ የባሌስትራ ብረት ቢላ ይሠራ ነበር። እኛ ቤተ እስራኤል ነን። መንደራችን ከጎንደር በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ናት፤ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ሟች ባሌ ማረሻ ሠሪ ስለ ነበር የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። ልጄ ግን ማረሻ አልወደደም። ቢላውን እንደ መስተዋት እስኪያበራ ይወለውልና ጎንደር አራዳ ሱቅ ላለው ነጋዴ ያስረክባል። ነጋዴውም «የአስመራ ዕቃ ነው» እያለ ለሥጋ ቤቶች ይሸጠዋል። ከኛ እጅ መውጣቱ ቢታወቅ ማን ይገዛዋል? ማረሻውን ከኛ ይወስዳሉ፤ ጥሬ ሥጋ ላይ ግን ቡዳ የሠራው ስለት አያሳርፉም። ቡዳ የሚሉት እኛን ነው። እና ዝም ብለን እንኖር ነበር። ዝምታው ለኔ ተስማምቶኝ ነበር።

አንድ ቀን ነጋዴው ልጄን፣ «የፈረንጅ ቢላ ጽሕፈት አለበት፤ ያንተ ራቁቱን ነው። ፈረንጅኛ የሚመስል ነገር ጻፍበት» አለው። በመርፌ ቢጭረው ብረቱ እምቢ አለ። አራዳ ጋራዥ የሚሠራ አንድ ወዳጁ ታዲያ ለማኪና አልበቃ ያለ ባትሪ ሰጠው፣ ኤሌክትሪክ ብረት እንዴት እንደሚበላም አሳየው። ባትሪውን በአህያ ጭኖ መጣ። «ውስጡ የሚያቃጥል ውሃ አለ፣ እንዳትነኪው» አለኝ። እኔ አህያዋ ራሷ ባትነካው ደስ ባለኝ ነበር።

ማሺን ብሎ የሠራት ነገር ይህች ናት። ከባትሪው ሁለት ሽቦ ይወጣል። አንዱ ከቢላው እጀታ መግቢያ ጋር ይታሰራል። ሌላው እንጨት ላይ ከተመታ ሚስማር ጋር ይያያዛል፤ የሚስማሩ ራስ በቁራጭ የሱፍ ባና ይጠቀለልና ጨው ውሃ ይነከራል። ስለቱን በቀለጠ ሰም እኔ እቀባለሁ፤ እሱ ሰሙ ላይ በመርፌ ይጽፋል፤ ከዚያ በእርጥቡ ባና እየነካካ ብረቱን ያስበላል።

በመጀመሪያው ቀን ሽቦዎቹን አቀያይሮ አሰራቸው። ባናው ቺስ አለ፣ አረፋ አወጣ፤ ሰሙን ብናጥበው ቢላው እንደ ነበረ ነው። የተበላው ሚስማሩ ነበር። ልጄ በሳቅ ፈረሰ።

«ምነው እማ፣ ፊትሽ ጠቆረ?»

«ያለ እሳት ብረት ሲበላ ሰው ቢያይ ምን ይላል?»

«የሚለንን ይላል። ደግሞ ያላሉን ምን ቀረ?»

በማግስቱ ሽቦውን አስተካክሎ፣ ሰም የቀባሁለትን ቢላ ተቀብሎ ሲጽፍ ጠጋ ብዬ አየሁ። ፊደል የቆጠርኩት መንደራችን ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ ጥቂት ወር ብቻ ነው። የፈረንጅ መስሎኝ ነበር፤ የኛው ፊደል ነው። አራት ፊደል። አንድ ባንድ በከንፈሬ ለቀምኳቸው። የባሌ ስም ሆነ።

«ይኸማ የአባትህ ነው።»

«ታዲያ የማን ይሁን? የጣሊያን?»

«ነጋዴውስ?»

«እሱ ማንበብ አይችል! ጽሕፈት ካየ ይበቃዋል።»

አንድ ጣሳ የፈላ ውሃ ባፈስበት ሰሙ ከነስሙ ይሄድ ነበር። አላፈሰስኩም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ስሙ ተጽፎ አይቼ አላውቅም፤ በሕይወት ሳለም የጻፈለት አልነበረም። ፈርቼም ሳለሁ ባናውን ጨው ውሃ እየነከርኩ አቀበልኩት። ስሙ ጥቁር ሆኖ፣ ጠርቶ ወጣ። በአሥራ ሁለት ቢላ ላይ ጻፍነው።

ነጋዴው አገላብጦ አየና፣ «ሸጋ ነው! ይኸ ነው ፈረንጅ ማለት!» አለ አሉ።

ወር ሳይሞላ ያ ነጋዴ ራሱ፣ መንደራችንን ረግጦ የማያውቀው ሰውዬ፣ በበቅሎ መጣ። ከየሥጋ ቤቱ መልሶ የሰበሰባቸውን ቢላዎች ጥቅል እደጄ ላይ ወረወረው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ የታለ?»

«ምነው አያ፣ ምን አጠፋ?»

«ምን አላጠፋም በይኝ! ሥጋ ቤት የሚበላ ተማሪ ቢላውን አነበበው። ከገጠር የመጣ አንድ ገበሬ ሰማና ‹ይኸማ የማረሻ ሠሪዬ ስም ነው› ብሎ፣ የት እንዳለ ሳይናገር ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን እዚያ የበላ ሰው ሆዱን ታሞ ተኛ። ቡዳ በላው ብለው ዘመዶቹ የስሙን ባለቤት እያፈላለጉ ነው። እኔ ከመንገደኛ ገዛሁት ብያለሁ። ዛሬውኑ ፋቁት፤ ያለዚያ መንገዱን አሳያቸዋለሁ።»

ልጄ ከቤት ወጥቶ ሰማው። «እኔ አልፍቅም» አለ። ቢላዎቹን አንስቼ ወንዝ ወረድኩ። በድንጋይና በአሸዋ ፋቅኋቸው። ጽሕፈቱ ጥልቅ አልነበረም፣ ቶሎ ለቀቀ። ልጄ ተከትሎኝ መጥቶ ዳር ቆሞ ያየኝ ነበር። አልከለከለኝም። ቢከለክለኝ ይሻለኝ ነበር።

ነጋዴው ወሰዳቸው፤ ተመልሰው የአስመራ ዕቃ ሆኑ። የታመመው ሰው ይዳን ይሙት አልሰማንም፤ ባለመስማታችንም ውሻ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ልጄ ብረት መንካት ተወ። ሰሊጥ ሲደርስ ለቀን ሥራ ወደ ሳንጃ ሊሄድ ሲነሳ እስከ መንገዱ ሸኘሁት።

«የማን ልጅ ነህ ቢሉህ፣ ሌላ ስም ንገራቸው» አልኩት።

«እሺ እማ» አለኝ።

ከሳንጃ የሚመጡ ሰዎች፣ እንዳልኩት ሌላ ስም እንደሚናገር ነግረውኛል።