ከመሳፈሪያው ጫፍ ሃያ ሁለት ሀዲድ

የነበርነው አራት ነን። እኔ፤ ጂግጂጋ ጎረቤቴ የሆኑት፣ ጉልበታቸውን በባቡር ሀዲድ ጥገና የጨረሱት ሽማግሌ፤ ከድሬዳዋ የተከራየነው የፒካፕ ሾፌር፤ በጣቢያው ፊት ዳስ ጥላ ሻይ የምትሸጠው ሴት። ሌላ ሰው አልነበረም።

የኮሮና ወረርሽኝ ከመግባቱ በፊት በነበረው ጥር ነው። ቦታው ከሽንሌ አልፎ ወደ አይሻ በሚወስደው መንገድ ያለች ትንሽ ጣቢያ ናት። እኔ የሄድኩት ሕንፃዋን ለክቼ ልነድፍ ነው፤ ንድፍ ያስተማረኝ የለም፣ ከመጻሕፍት የለቀምኩት ነው። ሽማግሌው የመጡት ግን የልጃቸውን መቃብር ፍለጋ ነው። እዚህ ሲሠሩ የመጀመሪያ ልጃቸው በሁለት ዓመቷ በኩፍኝ ሞታ ከሀዲዱ ዳር ተቀብራለች። ወዲያው ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወሩ፤ ከዚያ ወዲህ በባቡር አለፉ እንጂ እዚህ አልወረዱም። አሁን አልጋ የያዙት ሚስታቸው፣ "ድንጋይ ሳታቆምላት እኔም አንተም ከሄድን ማን ያውቃታል?" ብለው ነው የላኳቸው።

አዴር እላቸዋለሁ፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። የጥገና ሠራተኞች ቦታ የሚይዙት፣ ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ ያለውን ብረት አንድ ብለው፣ በሀዲድ ቆጠራ ነበር፤ የላላ ብሎንም ይሁን የተገጨ ግመል፣ ከዚህ ይህን ያህል ሀዲድ ብለው ነው የሚያመለክቱት። አዴርም መኪና ውስጥ ሦስት ጊዜ ደጋገሙልኝ። "ከመሳፈሪያው ጫፍ፣ በጅቡቲ በኩል፣ ሃያ ሁለት ሀዲድ። ከዚያ ወደ ተራራው ስምንት እርምጃ።"

ስንደርስ ሀዲዱ የለም። ጠጠሩ ብቻ ቀርቷል። ጣቢያዋ ጣሪያ የላትም፤ በርና መስኮቶቿ ከነመቃናቸው ወጥተዋል። ከቲኬት መሸጫው በላይ ያለው ቅስት ግን አንድ ድንጋይ አልጎደለውም። አዴር ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሷል፤ መዳፋቸውን ግንቡ ላይ አኑረው ቆዩ።

"አቦ! ሀዲዱንም ባቡሩ ጭኖት ሄደ እንዴ?" አለ ሾፌሩ።

"የእኔን አልጫነውም" አለች ሻይ ሻጯ። "ተቀምጠህበታል።"

ለደንበኞቿ መቀመጫ ያጋደመችው አንድ ሀዲድ ነበር። ሁለቱም ጫፉ ላይ የብሎን ቀዳዳ ስላለው አለመቆረጡን አወቅኩ። ሾፌሩን አስነስቼ ለካሁት፤ ልክ ስምንት ሜትር።

"ይሄ ልጅ ወንበሬን ሊገዛ ነው?" አለች።

"ተይው እቴ፣ ኢንጂነር ነው። ሻዩንም ይለካልሻል" አለ ሾፌሩ።

በየመጋጠሚያው ይተው የነበረውን ክፍተት ሳይቀር አዴርን ጠየቅኩ። "የትንሽ ጣት ውፍረት" አሉ። እሱንም ደመርኩ። ሾፌሩ የሜትሩን ጫፍ ከመሳፈሪያው መጨረሻ ያዘ፤ እኔ ሃያ ሁለቱ ሀዲድ እስኪሞላ እየዘረጋሁ ሄድኩ። አዴር ስምንቱን እርምጃ ረግጠው ቆሙና፣ "ያኔ እግሬ ይረዝም ነበር" ብለው አንድ ጨመሩ። አሸዋና አንድ ድርቅ ያለ ቁጥቋጦ። ሌላ ምልክት የለም።

"እዚህ ናት?" አሉኝ።

"ሜትር አይሳሳትም፣ አዴር።"

ከፈረሰው ግንብ ድንጋይ አመላልሰን ከመርንላት። ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ሚስታቸው ጋ ደወሉና፣ "አገኘናት" አሉ። በስልኩ ውስጥ ለቅሶ ሰማሁ።

ጂግጂጋ ተመልሼ ንድፉን በቀለም ስስል፣ ካነሳኋቸው ፎቶዎች በአንዱ ላይ መሳፈሪያውን የሚያቋርጥ ቀጥ ያለ ስፌት አየሁ። ወደ ጣቢያዋ ያለው ወገን ጠርዙ የተጠረበ ድንጋይ ነው፤ ከስፌቱ ወዲያ ሲሚንቶ። በኋላ የተቀጠለ ነው። በማስታወሻዬ ላይ ካሉት ልኬቶች ቅጥያው አሥራ አንድ ሜትር ወጣ። የተቀጠለው አዴር ከተዛወሩ በኋላ ከሆነ፣ ድንጋዩን ያቆምነው ያን ያህል ወደ ጅቡቲ አሳልፈን ነው። የጣት ውፍረት የቆጠርኩ ሰው ይህን ረግጬው አልፌያለሁ።

በማግስቱ አዴርን እንደዋዛ፣ "መሳፈሪያው መቼ ነው የረዘመው?" አልኳቸው።

"ረዝሟል እንዴ?"

"አይ፣ የእኔ ሥዕል ነው የረዘመው" አልኩ። ሳቁብኝ።

ሚስታቸው ያን ዓመት ዝናብ ሳይገባ ሞቱ፤ እስከ መጨረሻው ሊጠይቃቸው ለመጣው ሁሉ፣ "ልጄ ድንጋይ ቆሞላታል" ይሉ እንደነበር ሰማሁ። አዴር አሁንም አሉ። ጥር በመጣ ቁጥር፣ "ድንጋዩ ይኖር ይሆን?" ይሉኛል። ይኖራል እላለሁ። የት እንደሚኖር ግን አልነገርኳቸውም።

አንድ ነገር ይመላለስብኛል። ሜትሩን ከመዘርጋቴ በፊት አዴር መሳፈሪያው ላይ አንድ ቦታ ቆመው በከዘራቸው መታ መታ አድርገዋል። እኔ የማየው ሜትሩን ነበር። የመቱት ስፌቱ ላይ ከነበረ የድሮውን ጫፍ እግራቸው አውቆታል ማለት ነው፤ ድንጋዩንም ወደ ቦታው መመለስ እችላለሁ። ሾፌሩ ሆይ፣ የሜትሩን ጫፍ የያዝከው አንተ ነህ። እቴ፣ አንቺም ከዳስሽ ሆነሽ ታዪን ነበር። የመቱት የት ላይ ነው? ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ፣ አዴር ሳይሄዱ ያያችሁትን ጨምሩልኝ።