የለቅሶ ወንበሮች

ቅዳሜ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የእትዬን በር ያንኳኳሁት ለክፋት አልነበረም። ለንደን፣ ካምደን ገበያ ያለችኝን መደብ ከመዘርጋቴ በፊት፣ ቤት ሊቀይሩ ነውና ዕቃቸውን አሽገን ቫኑ ላይ እንጭናለን ብዬ ነው። አብረውኝ የመጡት ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ጓደኛዬና ሚስቱ ናቸው። ብርድ ስለነበር ሦስታችንም ጥቁር ካፖርት ለብሰናል። እንቅልፍ ስላልጠገብን ፊታችን ወድቋል።

እትዬ በሩን ከፈቱ። እኔን አዩ፣ ከኋላዬ የቆሙትን አዩ። ትከሻቸው ላይ የነበረውን ነጠላ ሳብ አድርገው ወገባቸው ላይ አሰሩና «ወንድሜን» ብለው ደረታቸውን መቱ።

በዚያ ሰዓት፣ ጥቁር የለበሰ፣ ሦስት ሆኖ ዝም ብሎ በር ላይ የሚቆም ሐበሻ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። እኔም የመርካቶ ልጅ ነኝ፣ አጥቼው አይደለም። ሐሳቤ ሁሉ ቫኑን ያቆምኩበት ቦታ ላይ ስለነበር ነው። ዕቃ ልናሽግ ነው የመጣነው ብል፣ ወንድምዎ ደህና ናቸው ብል፣ ማን ይሰማኛል። በመጨረሻ ደረጃው ላይ ያስቀመጥነውን የካርቶን እስር አንስቼ ከራሴ በላይ ከፍ አደረግኩት።

«እትዬ፣ ይዩት እስቲ። ካርቶን ተሸክሞ መርዶ የሚነግር የት አገር አለ?»

ካርቶኑን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ በሩ ሥር ቁጭ አሉና እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። «ምን ላድርግ» አሉኝ፣ «አንተ ያለ መርዶ መቼ ትመጣለህ?»

እውነታቸውን ነው። ለንደን እንደገባሁ የተኛሁት የእሳቸው ሳሎን ውስጥ ነበር፣ ስምንት ወር ሙሉ። መደብ ካገኘሁ በኋላ ግን እግሬ እዚያ ቤት የሚረግጠው ሰው ሞቶ ወንበር ሲያስፈልግ ብቻ ሆነ።

የወንበሩ ነገር እንዲህ ነው። የካውንስል ፍላት፣ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያከራየው ጠባብ ቤት፣ ውስጥ ለቅሶ ሲቀመጡ ችግሩ መቀመጫ ነው። እትዬ የሆነ አዳራሽ ሲዘጋ ያገኟቸው ሃያ አራት ተጣጣፊ የእንጨት ወንበሮች ነበሯቸው። ተውሶ የወሰደ ሰው ከራሱ ጋር እንዳይቀላቅልባቸው ከእያንዳንዱ ሥር በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርገውባቸዋል። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት አገሬው እዚህም ለሁለት ተከፍሎ ሰላምታ በተነፋፈገበት ጊዜ እንኳ፣ ወንበር ሲያስፈልገው ሁለቱም ወገን የሚደውለው እሳቸው ጋ ነበር።

አሁን ጉልበታቸው ደከመ። የሕንፃው ሊፍት ሁለት ቀን ሠርቶ አምስት ቀን ያርፋል። ልጅ የላቸው። ካውንስሉ ክላፋም ውስጥ ለአረጋውያን በተሠራ ቤት አንዲት ክፍል ሰጣቸው። የራስ በር አላት፣ የቁምሳጥን ታህል ማድቤት አላት፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ወድቀው እንደሆነ የሚጎትቱት ቀይ ገመድ ተንጠልጥሏል፣ ታች ደግሞ ዋርደን የሚሉት የቤቱ ተቆጣጣሪ ይቀመጣል። ከሁለት መኝታ ቤት ወደ አንዲት ክፍል ነው እንግዲህ ሽግሽጉ።

ያን ቀን ሳሽግ የነጋዴ አመሌ አልለቀቀኝም። መርካቶ ያስተማረችኝ አንድ ነገር፣ ዓይንህ የገባውን ዕቃ አጣጥለው ነው። ቡፌው እግሩን ምስጥ በልቶታል አልኩ። ሁለተኛው አልጋ ይንቋቋል አልኩ። የምፈልገውንም የማልፈልገውንም አጣጣልኩ፣ አፌ ለምዶበታል። እትዬ በየተራ «እሺ፣ ይሂድ» ይላሉ። ሠላሳ ዓመት የሰበሰቡት ቤት በእኔ አፍ ቆሻሻ ሆኖ በር በሩን ወጣ። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ በኋላ መደቤ ላይ «ጥንታዊ» ተብሎ ቆሟል። ይህንንም ልናገረው።

ወንበሮቹ ላይ ስንደርስ ግን እትዬ አልነቃነቅ አሉ። አዲሱ ቤት ከሁለት ወንበር በላይ እንደማይችል ባስረዳ ጊዜ እጃቸውን ወንበሩ ላይ ጫኑ። አስመራ አንድ ታላቅ ወንድም አላቸው፣ ልቡን የሚያመው። ከእሱ በቀር ዘመድ የላቸው።

«እሱ ቀድሞኝ የሄደ እንደሆነስ?» አሉኝ። «የሰውን ሁሉ ሐዘንተኛ አስቀምጬ የወንድሜን ለቀስተኛ ላቆም?»

«እኔ ጋ ይቀመጡ፣ እትዬ። ገበያው ጀርባ መጋዘን አለችኝ። ቀኑ ሲደርስ እኔው ራሴ አመጣልዎታለሁ።»

የሾፌሩ ሚስት በክርኗ ጎሸመችኝ። «መርዶውን ነው ወንበሩን?» አለች። ሳቅን። እትዬም ሳቁና እጃቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ።

ሁለት ክረምት አለፈ። ክላፋም የሄድኩት ሁለቴ ነው፣ አንዱን ጊዜ እንኳ ዕቃ ላደርስ በዚያ ሳልፍ። መጋዘኗ ጠበበችኝ። ያን ሰሞን ገበያው ውስጥ ካፌ የከፈተ ሰው ያረጁ ወንበሮች እያለ ይዞር ነበር፣ እዚህ አገር እንደሆነ አሮጌ ነገር ለመግዛት ሰው ይሰለፋል። ሸጥኩለት። ለራሴ የሰጠሁትን ምክንያት ባትሰሙት ይሻል ነበር። ሰው ሳይሞት የለቅሶ ወንበር ደርድሮ መጠበቅ ሟርት ነው፣ እኔ ሟርቱን ነው ያስወጣሁላቸው አልኩ። ወንድማቸው እድሜ እንዲያገኝ የረዳሁ ያህል ቀለለኝ።

የወንድማቸው ሞት የተሰማው በካርቱም በኩል፣ ለሾፌሩ ሚስት በተደወለ ስልክ ነው። ከሰዓት በኋላ እንሂድ ብዬ ነበር። «መርዶ በማለዳ ነው» አለችኝ። እሷ የመሰላት ልቤ ራርቶ ነው። እኔ ግማሽ ቀን ፈልጌ ነበር፣ ወንበር ለማፈላለግ።

ዋርደኑ በሩን ከፈተልን። በሊፍቱ ስንወጣ ሁለቱ ስለ ሟቹ ያስባሉ፣ እኔ ስለ ሃያ አራት ወንበር። እትዬ በራቸውን ከፈቱ። ያው ሦስታችን ነን፣ ያው ጥቁር ካፖርት። ፊታችንን አላዩም። እጃችንን ነው ያዩት።

«ዛሬ ካርቶን አልያዛችሁም» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸት መጻፍ አልችልበትም። የጎረቤት እንግሊዛዊ ሽማግሌ የሻይ ኩባያቸውን እንደያዙ በራቸው ላይ ቆመው ቀሩ።

እኩለ ቀን ላይ ትንፋሻቸው ሲመለስ ጠሩኝ። «ወንበሮቹን» አሉኝ። አሁኑኑ ብዬ ወጣሁ፣ እንዳለው ሰው።

ባለካፌው ቀለም ቀብቷቸዋል። ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ። ለሦስት ቀን አከራየኝ ብዬ ለመንኩት። ዕድሜዬን ሙሉ በክርክር የኖርኩ ሰው የጠራውን ዋጋ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ከፈልኩ።

ዋርደኑ የጋራውን ሳሎን ፈቀደልን። ጥቁር የለበሰ ሁሉ የልደት ኬክ በመሰለ ወንበር ላይ ተደርድሮ አለቀሰ። ወንበሮቹን የማያውቅ አልነበረም፣ ግማሹ በገዛ ቤቱ ለቅሶ ተቀምጦባቸዋል። ማንም አልጠየቀኝም። ሾፌሩ ጓደኛዬ ብቻ አጠገቤ መጥቶ አንዷን ሮዝ አየት አደረገና፣ አንተ ደግሞ የማትቀባው ነገር የለም ብሎኝ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲበተን ወንበሮቹን ማጣጠፍ ጀመርኩ። እትዬ አንዱን አስቀሩና ገልብጠው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ከሥር ቀለም አልደረሰበትም፣ ቀዩ ነጥብ እንዳለ ነው። በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ቀለሙ ያምራል» አሉ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። «ለእኔ ጊዜ አትድከም፣ ልጄ። ቆመው ያልቅሱ።»

ቁጣ የለበትም። ሻይዬ ስኳር አይግባበት እንደሚል ሰው ነው ያሉት። በሰደቡኝ። ለስድብ መልስ አላጣም፣ የሠፈሬ ልጅ ሁሉ አያጣም። «ልጄ» ሲሉኝ ግን ወንበሩን ከጭናቸው ተቀብዬ አጣጠፍኩት።

ወንበሮቹን በቀጠሮው መለስኩ። አንዷን ብቻ፣ እትዬ የዳበሷትን፣ መልሰህ ሽጥልኝ አልኩት ባለካፌውን። ራሱን ነቀነቀ። ሙሉ ስብስብ ነው፣ ከተነጣጠለ ዋጋ የለውም አለኝ። ስሸጥለት እኔው ነኝ እንደዚያ ያልኩት።